የሱሉልታ ብርድና አልነሳ የሚል አሮጌ መኪና

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ሌሊቱን ጥርት ብሎ ባደረ ቁጥር፣ ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ውርጭ ለብሶ ይነጋል። በዚያ ሰዓት ከየግቢው የአሮጌ መኪና ሞተሪኖ (ማስነሻ ሞተር) ሲያቃስት ይሰማል፤ ባለመኪናው ምክንያቱን ሲጠየቅም መልሱ «ብርዱ ነው» የሚል ብቻ ነው። ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው ኮሮላ ዲኤክስ ለብዙ ዓመታት በዚሁ ሜዳ እያሳደረ ሲነዳ የቆየ ሰው እንደመሆኔ በዚህ መልስ አልስማማም። የአካባቢያችን ብርድ ጤነኛ መኪናን ከመነሳት የማገድ አቅም የለውም። ብርዱ የሚያደርገው፣ ቀን ቀን ተደብቆ የሚውለውን ድካም ጠዋት ላይ ማጋለጥ ነው፤ ስለዚህ በውርጭ አልነሳ ያለ መኪና ሊለካና ሊታወቅ የሚችል አንድ የተወሰነ ጉድለት አለበት። ይህን የምጽፈው ያንን ጉድለት ዕቃ ከመለወጥ በፊት እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ለማስረዳት ነው፤ በግምት የተለወጠ ባትሪና በግምት የወረደ ሞተር የብዙ ሰው ገንዘብ ሲበላ አይቻለሁና።

ቦሌ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ሲሆን ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ይህ ልዩነት ብቻውን ከከተማው መሐል ይልቅ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ያህል ያቀዘቅዘናል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ሌሊት ከተዳፋቱ እየወረደ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ በበጋ ሌሊትም ሙቀቱ ወደ ዜሮ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። ሆኖም ዜሮ ዲግሪ ለመኪና ቀላል ብርድ ነው። ተመሳሳይ መኪኖች በጃፓን ሰሜናዊ ደሴት በሆካይዶ፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ በላይ በሚወርድበት ክረምት፣ በየጠዋቱ ይነሳሉ።

ብርድ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገሮችን ይነካል። በባትሪው ውስጥ ያለው የኬሚካል ሂደት ስለሚዘገይ፣ በዜሮ ዲግሪ ባትሪው በሞቃት ቀን ከሚሰጠው ጉልበት ከአምስት አንድ እስከ ከሦስት አንድ የሚሆነውን ሊያጣ ይችላል። የሞተር ዘይት ስለሚወፍር ሞተሩን ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል። ቤንዚን ደግሞ በብርድ በቀላሉ ስለማይተን፣ ከአየር ጋር ተደባልቆ የሚቀጣጠለው ክፍል ያንሳል። ሞተሪኖው ብዙ ጉልበት በሚጠይቅበት ሰዓት ባትሪው ጥቂት ይሰጣል፤ ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥለው የካንዴላ ብልጭታ የሚደርሰውም ከሞተሪኖው የተረፈው ብቻ ነው። ሁሉም በተሟላበት መኪና ይህ ሁሉ ተደምሮም ለመነሳት በቂ ትርፍ ይኖራል። አንዱ ደካማ ከሆነ ግን ትርፉ የሚያልቀው ጠዋት ነው።

ስለዚህ ኮፈኑን ከመክፈት በፊት በጥሞና ማዳመጥ ያስፈልጋል። ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ተከታታይ ፈጣን ድምፅ ከተሰማ ብዙውን ጊዜ ባትሪው ወርዷል ወይም የባትሪው ማሰሪያ ላልቷል። አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለና መብራቶቹ ካልደበዘዙ፣ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ኮንታክትና ካርቦን (ኃይል ወደሚያስተላልፉት የውስጥ መገናኛዎች) ይዞራል። ሞተሩ በዝግታ እየተጎተተ ከዞረ ባትሪ፣ ገመድ፣ ሞተሪኖ ወይም ዘይት ነው። በጥሩ ፍጥነት እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ባትሪ መለወጥ ምንም አይረዳም፤ ጉዳዩ የብልጭታ ወይም የቤንዚን ነው። ይህን የመጨረሻ ልዩነት ሳይለዩ መካኒክ ቤት መሄድ ወጪን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት መሣሪያ መልቲሜትር፣ በተለምዶ ቴስተር የምንለው ነው። ባትሪውን መለካት ያለብን መኪናው አድሮ ጠዋት፣ ቁልፉ ከመዞሩ በፊት ነው፤ ከጉዞ እንደተመለሱ የሚወሰድ ንባብ ቻርጁ ገና ላዩ ላይ ስላለ ያታልላል። በደንብ የተሞላ ባትሪ ያለ ሥራ ሲቀመጥ 12.6 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያነባል። 12.4 ሲሆን ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ሲሆን ግማሽ ያህል ቻርጅ አለው ማለት ነው፤ 12.0 ያነበበ ባትሪ ለሱሉልታ ጠዋት አይታመንም። ከዚያ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ ያለውን ንባብ ማየት ይገባል። ሞተሪኖው እየሠራ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ባትሪ፣ ቀድሞ በሚገባ ተሞልቶ ከነበረ፣ ዕድሜው አልቋል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ መሆን አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ችግሩ ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ ወይም ዲናሞውን ከሚያዞረው የላላ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው፤ አዲስ ባትሪ ቢገዛም በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ አሮጌው ይሆናል። ሁሉም ንባብ ደህና ሆኖ ባትሪው ግን ሳይነዳ ካደረ የሚደክም ከሆነ፣ በኋላ የተገጠመ ራዲዮ ወይም አላርም ሌሊቱን ኃይል እየጠጣ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ነገር በጠፋበት ሰዓት ከባትሪው የሚወጣው ኃይል ከ50 ሚሊ አምፔር መብለጥ የለበትም።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ያለው ሰው የውሃውን ልክ ይመልከት። የጎደለው ሲሞላ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የደከመ ባትሪ «እንዲነቃ» አሲድ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ ከባትሪው የሚተንነው ውሃ እንጂ አሲዱ ስላልሆነ፣ ይህ ድርጊት ሰሌዳዎቹን እያቃጠለ የባትሪውን ዕድሜ ከማሳጠር በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም።

ከባትሪው ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ገመዱን ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤቴ፣ የእኔን የመሰለ ዲኤክስ ያላቸው፣ ባለፈው የብርድ ወራት መኪናቸው ጠዋት ጠዋት እየተጎተተ አልነሳ አላቸው። አዲስ ባትሪ ገዙ፤ አልተለወጠም። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዱት፤ እዚያ የሲሊንደሮቹ እምቅ ግፊት (ፒስቶኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው) ተለክቶ በአራቱም ላይ ከ115 እስከ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ብቻ ስላነበበ «ሞተሩ አልቋል፣ መውረድ አለበት» ተባሉ። ይህን ሲነግሩኝ በጣም አዝነው ነበር፤ የሞተር ማስወረጃ ዋጋ ለጡረተኛ ቀላል ነገር አይደለምና።

«ልጄ፣ ሞተሩ አልቋል ከተባለ ቀን ቀን እንዴት በአንድ ቁልፍ ይነሳል ታዲያ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው። ነገ ጠዋት ቁልፉን ከመንካትዎ በፊት ይጥሩኝ» አልኳቸው።

በማግስቱ ባትሪያቸው 12.6 ቮልት አነበበ። ሞተሪኖው ሲዞር በባትሪው ራሶች መካከል 10.8 ነበር፤ ይህ ጤነኛ ንባብ ነው። ከዚያ አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በራሱ በሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ ቁልፉን እንዲያዞሩ ለመንኳቸው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚነበበው ከ0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም፤ የእሳቸው ግን 1.5 ነበር። ሞተሩን ከባትሪው ጋር የሚያገናኘው የማሳ ገመድ፣ ሞተሩ ላይ በታሰረበት ቦታ ከቀለበቱ ሥር ዝጎና በዘይት ተሸፍኖ ነበር። ገመዱን በአዲስ ተክተን፣ የሚታሰርበትን ብረት እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አጽድተን ካሰርነው በኋላ መኪናው በዚያው ብርድ ተነሳ።

ይህ ጉድለት ለምን ጠዋት ብቻ እንደሚታይ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የዛገ መገናኛ መቋቋሙ (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታበት መጠን፣ በኦም የሚለካው) እጅግ ትንሽ፣ ለምሳሌ የአንድ ኦም መቶኛ፣ ሊሆን ይችላል። ይህን ያህል ትንሽ ቁጥር ተራ መልቲሜትር በኦም መለኪያው አያገኘውም፤ የፍተሻ አምፖል ቢያያዝበትም አምፖሉ የሚፈልገው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ቦግ ብሎ ይበራል። ሞተሪኖ ግን 80 አምፔር ሲስብ በዚያች መቶኛ ላይ 0.8 ቮልት ይጠፋል፤ ዘይቱ ወፍሮ 130 አምፔር ሲስብ ደግሞ 1.3 ቮልት ይጠፋል። ገመዱ ቀንም ጠዋትም ያው ነው፤ የሚለወጠው የሚጠየቀው ኃይል ነው። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ የብልጭታው ኃይል የሚመለሰውም በዲስትሪቢዩተሩ (ብልጭታውን ለየካንዴላው በሚያከፋፍለው ክፍል) በኩል በሞተሩ ብረት ላይ አልፎ ስለሆነ፣ ያው የጠፋው ቮልት ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልት ከሚያመነጨው ከኮይሉም ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ገመድ የሚለካው ሞተሪኖው እየዞረ፣ በቮልት ነው። በፖዘቲቩ በኩልም፣ ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው ድረስ፣ ተመሳሳይ ልኬት መውሰድ ይገባል።

የጋራዡ ሰዎች ስለ ሞተሩ የተናገሩት ከአካባቢያችን ከፍታ ጋር የተያያዘ ስሕተት ነበር። በመመሪያ መጽሐፍ ላይ የሚገኘው የሲሊንደር እምቅ ግፊት የተጻፈው በባሕር ወለል ላይ ላለ አየር ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ፒስቶኑ ስቦ የሚያምቀው አየርም በዚያው ልክ ያንሳል። በባሕር ወለል 160 የሚያነብ ጤነኛ ሞተር እዚህ 120 ገደማ ቢያነብ የሚጠበቅ ነው። እዚህ አገር መታየት ያለበት ዋና ነገር የአራቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ነው፤ ሦስቱ 120 ሆነው አንዱ 80 ቢሆን ያ የቫልቭ ወይም የፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ሕመም ነው። አራቱም እኩል ሆነው በመጽሐፉ ቁጥር ብቻ ሞተር እንዲወርድ መወሰን ግን በባለንብረቱ ላይ የሚፈጸም ከባድ በደል ይመስለኛል፤ እያንዳንዱ መካኒክ ይህን ስሌት ቢይዝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ሞተሩ በጥሩ ፍጥነት እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ወደ ብልጭታው እንሂድ። አንድ ምልክት በተለይ ልብ ሊባል ይገባል፤ ሞተሩ ቁልፉ ተይዞ ሳለ አልነሳ ብሎ፣ ልክ ቁልፉ ሲለቀቅ የሚነሳ ከሆነ፣ ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ ወደ ኮይሉ በቂ ኃይል አይደርስም ማለት ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ በመደበኛ ጊዜ የኮይሉን ኃይል የሚቀንስ መቋቋሚያ አለ፤ በማስነሻ ሰዓት ይህ መቋቋሚያ ታልፎ ሙሉው የባትሪ ኃይል በሌላ ሽቦ በቀጥታ ወደ ኮይሉ ይሄዳል። ያ ሽቦ ከተበጠሰ መኪናው ቀን ያለ ችግር እየሄደ ጠዋት ያስቸግራል። ከዚህ በተጨማሪ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍቶ ጤዛ ወይም የተሰነጠቀ መስመር እንዳለው ማየት፣ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ፑንቲና (ብልጭታ እንዲነሳ የኮይሉን ኃይል የሚያቋርጥ መገናኛ) ያለው ከሆነም ክፍተቱንና የጫፉን ንጽሕና ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ካንዴላዎቹ ሲወጡ ስለ ሞተሩ ብዙ ይናገራሉ። የደረቀ ጥቁር ጥላሸት የለበሱ ከሆነ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በእኛ ከፍታ የተለመደ ነው፤ ለወፍራም አየር የተስተካከለ ካርቡሬተር ለቀጭኑ አየራችን የሚሰጠው ቤንዚን ስለሚበዛ። በበጋው አቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ይህንኑ ያባብሰዋል። ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ በሞቃት ሞተር ላይ ይሠራል፤ በብርድ ግን ብልጭታው ክፍተቱን መዝለል ትቶ በጥላሸቱ ላይ እየሾለከ ያልፋል። ክፍተቱ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል፤ በእነዚህ አሮጌ ኮሮላዎች ግን 0.8 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው።

ቾክን (በብርድ ለማስነሳት የካርቡሬተሩን የአየር መግቢያ የሚያጠበውን መሳቢያ) በሚመለከት፣ አንዳንዶች ገመዱ ከተበጠሰ ወዲህ ረስተውታል፤ በምትኩ ቤንዚን መስጫውን ደጋግመው ይረግጣሉ። ይህ ካንዴላውን ያረጥበዋል። የእኔ ልማድ ቾኩን ሙሉ በሙሉ ስቦ፣ ቤንዚን መስጫውን አንድ ጊዜ ብቻ ረግጦ መልቀቅ፣ ፍሪሲዮኑን (ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን ፔዳል) እስከ መጨረሻው መርገጥ፣ ከዚያ ቁልፉን ማዞር ነው። ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ሞተሪኖው በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ ያለውን የወፈረ ዘይት ከማዞር ይድናል። ሞተሩ እንደተነሳ ቾኩን ወዲያውኑ ወደ ግማሽ መመለስ ይገባል፤ በዚህ ከፍታ ለረጅም ጊዜ ተስቦ ከቆየ ሞተሩ ጥቁር ጭስ እያወጣ ይታፈናል። ካንዴላው ረጥቦ የቤንዚን ሽታ ከመጣ ደግሞ ቾኩን ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው መልሶ፣ ቤንዚን መስጫውን ሳይነቀንቁ እስከ ወለሉ ረግጦ ይዞ ማዞር ነው። በማንኛውም ሁኔታ ሞተሪኖን ከ10 ሰከንድ በላይ በተከታታይ ማዞር አይገባም፤ በመካከሉ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይረፍ።

ዘይትን በተመለከተ፣ ያረጀ ሞተር ዘይት ስለሚበላ ብዙ ሰው 40 ወይም 20ደብሊው-50 ያደርጋል (ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ፣ የኋላው ደግሞ ሲሞቅ ያለውን ውፍረት ያሳያል)። ምክንያቱን እረዳለሁ። ነገር ግን ዘይት በብዛት የማይበላ ሞተር ያለው የሱሉልታ ወይም የሰንዳፋ ነዋሪ 15ደብሊው-40 ቢያደርግ፣ ሞተሩ ሲሞቅ የዘይቱ ውፍረት ከ40 ጋር ያው ሆኖ፣ ጠዋት ላይ ግን በግልጽ ይቀጥንለታል። በቤንዚን በኩል ደግሞ፣ የቀንና የሌሊት ሙቀት እጅግ በሚራራቅበት በዚህ ወቅት ግማሽ ባዶ በሆነ ታንከር ውስጥ እርጥበት ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ ቤንዚንም ከዚህ የባሰ ነገር ሊይዝ ይችላል። የቤንዚን ፊልትሮው በርካሽ የሚገኝ ዕቃ ስለሆነ ከብርዱ ወራት በፊት መለወጥ ተገቢ ነው።

ናፍጣ ለሚነዱ አጭር ነገር ልበል። የናፍጣ ሞተር የሚቀጣጠለው አየሩ ታምቆ በሚያገኘው ሙቀት ስለሆነ ቀጭን አየርና ብርድ አንድ ላይ ይጎዱታል፤ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ አራቱም መሥራታቸው በመልቲሜትር አንድ በአንድ ተነቅለው መለካት አለበት፤ ጤነኛው አንድ ኦም አካባቢ ያነባል፤ የተቃጠለው ምንም አያሳልፍም። ከሞተሩ ወይም ከታንከሩ ሥር እሳት ማንደድን፣ እንዲሁም ማሞቂያው እየሠራ ተቀጣጣይ ፈሳሽ በአየር መሳቢያው መርጨትን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ አንደኛው መኪናውን ያቃጥላል፣ ሁለተኛው ሞተሩን ይሰነጥቃል፣ ሁለቱም ሰው ሊገድሉ ይችላሉ። በሌላ መኪና ባትሪ ለሚያስነሱም የመጨረሻው የኔጌቲቭ ገመድ የሚያዘው በደከመው ባትሪ ራስ ላይ ሳይሆን ራቅ ባለ የሞተሩ ብረት ላይ ነው፤ ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅን በትንሽ ፍንጣሪ ይፈነዳልና።

የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባትን እጅግ ካስወደደ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት ማገልገል አለባቸው፤ ዕቃቸውም በአብዛኛው የሚገኘው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ሆኖ ነው። ሞተሪኖ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሻጩ በባትሪ ላይ እያዞረ ቢያሳየው በዚያ ብቻ አይርካ፤ ያለ ሸክም የትኛውም ሞተሪኖ ይዞራል። የኋላ ክዳኑ ተከፍቶ የካርቦኖቹን ርዝመት ይይ፤ ዘንጉን በእጁ ወደ ጎን ነቅንቆ ቡኮላው (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) መስፋቱን ይመርምር፤ ቡኮላው የሰፋ ሞተሪኖ ሸክም ሲመጣበት ዘንጉ ወደ ጎን ተስቦ ከአካሉ ጋር ስለሚፋተግ፣ ሱቁ በራፍ ላይ እየጮኸ ዞሮ ሱሉልታ ሲደርስ አይዞርም።